ሳቃችንን የድህነታችን ማካካሻ አታድርጉት

«ገንዘብ ባይኖረንም ደስታ አለን።» ይህን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ክረምት ላይ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ከቤት ቤት ሲጋበዝ ሰንብቶ ሊመለስ ሲል፣ «አታውቁትም እንጂ ኑሮ የምትኖሩትስ እናንተ ናችሁ» ብሎን ይሄዳል። ለበጎ ፈቃድ ሥራ የመጣው ወጣት ፈረንጅ ጫማ ከሌላቸው ልጆች መሀል ፎቶ ተነሥቶ ስለ ፈገግታቸው ይጽፋል። ቴሌቪዥን ላይ የተጋበዘው ምሁር ምዕራባዊው ሀብት እንጂ ትርጉም ያለው ሕይወት እንደሌለው፣ አፍሪካዊው ግን በማኅበር ስለሚኖር በጥቂቱ እንደሚረካ ያስረዳል። ሰባኪው ይደግመዋል፣ ባለሥልጣኑ ይደግመዋል፣ እኛም ለልጆቻችን እንነግራለን።

ሳቃችን እውነት ነው። ጎረቤት ለጎረቤት መድረሱ፣ ለታመመ መጠየቁ፣ ላዘነ ማደሩ እውነት ነው። እኔ የምቃወመው ይህን ሁሉ ከድህነት ጋር የሚያጣምረውን ስሌት ነው፦ ማጣታችን አቀራረበን፣ ማጣታችን አስተዛዘነን፣ ብናገኝ ኖሮ ተበታትነን ነበር የሚለውን። በሕይወታችን የሚያኮራን ነገር ሁሉ በሥራ፣ በገንዘብና በሥርዓት ተገንብቶ የቆመ ነው፤ ድህነት በየቀኑ ያፈርሰዋል እንጂ አልወለደውም። ድህነትን የደስታ እናት ያደረገ ንግግር የገነቡትን ሰዎች ድካም ይሰውራል፤ ሊቀር ለሚችል መከራም ሰበብ ይሆናል።

ከእድር እንነሣ፤ ስለ ማኅበራዊ ኑሯችን ሲወራ ሁሌ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነውና። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ገና ሳይነጋ ሰፈሩን እየዞረ ይለፍፋል። ድንኳን ይተከላል። ከእድሩ ዕቃ ቤት አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑና ብርጭቆው እየተቆጠረ ይወጣል፣ እየተቆጠረ ይገባል፤ የጠፋ ካለ የተረከበው ይከፍላል። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ይቀመጣል። ቀብር ያልወጣ ወይም የአዳር ተራው ደርሶ የቀረ ሰው ስሙ አጠገብ ምልክት ይደረግበታል፤ በወሩ ስብሰባ ምክንያቱን ይጠየቃል፣ ካላሳመነ ይቀጣል። ከድንኳኑ ጀርባ ደግሞ ሴቶቹ አሉ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነሥተው ሦስት ጉልቻ ላይ ንፍሮ ጥደዋል፤ አንዷ ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት እሳቱን እፍ ትላለች፣ ሌላዋ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ፊቷ አስቀምጣ ትልጣለች፣ ሦስተኛዋ ከቤቷ ጋግራ ያመጣችውን እንጀራ ለእድሩ ሴት ኃላፊ ታስመዘግባለች። ሰልስት እስኪወጣ እንዲሁ ነው። ወንዶቹ ካርታ ይዘው ሲያድሩ የሴቶቹ ወገብ አይቀናም።

ይህን ያየ እንግዳ «እንዴት ያለ ፍቅር ነው» ይላል። ፍቅርማ አለበት። ያለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ያለ መተዳደሪያ ደንብ፣ ያለ ቅጣትና ያለ ሴቶች ጉልበት ግን ያ ፍቅር አንድ ቀብር አይዘልቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ስቴፋን ዴርኮን፣ አሉላ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያና በታንዛኒያ ገጠሮች ስላሉ የቀብር ማኅበራት ያሳተሙት ጥናት እነዚህን ማኅበራት በትክክለኛ ስማቸው ጠርቷቸዋል፤ ኢንሹራንስ ናቸው ብሏል። የአባላት ዝርዝር አላቸው፣ የተጻፈ ደንብ አላቸው፣ ለማን ስንት እንደሚከፈል አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ብዙዎቻችን እድር ከጥንት የወረደ ይመስለናል። ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተስፋፋው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከዘመዱ ርቆ ከተማ የገባ ሰው «ብሞት ማን ይቀብረኛል» ብሎ ሲጨነቅ ነው። ጭንቀቱን ቁጭ ብለው ተወያይተው፣ አዋጥተው፣ ዳኛና ጸሐፊ መርጠው መፍትሔ አበጁለት። ይህ የማሰብና የማደራጀት ሥራ ነው። ሌላ አገር ቢሠራ ኖሮ ፈጣሪዎቹ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ይጠኑ ነበር፤ እኛ ግን «ባህላችን ነው» ብለን እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ አስመሰልነው።

አህጉሩ በዚህ የተሞላ ነው። ጋናዎች ሱሱ፣ ኬንያውያን ቻማ፣ ደቡብ አፍሪካውያን ስቶክቬል፣ ካሜሮናውያን ቶንቲን፣ እኛ እቁብ የምንለው ሁሉ ባንክ ያላስገባው ሰው በራሱ ያቆመው ባንክ ነው። አባላቱን ብትጠይቋቸው የሚነግሯችሁ ስለ አብሮነት ፍልስፍና ብቻ አይደለም። ዕጣው መቼ እንደሚደርሳቸው፣ በዕጣው ምን ሊገዙ እንዳሰቡ፣ ባለፈው ዓመት በልቶ የጠፋው ሰው ዋሱ ማን እንደነበር ይነግሯችኋል።

ድህነት እነዚህን ነገሮች ምን እንደሚያደርጋቸው ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሥራ ያጣ አባወራ የእድር መዋጮ ይወዘፍበታል፤ ወዘፉ ሲበዛ ያፍራል፣ ስብሰባ ይቀራል፤ መጨረሻ ላይ ይሰረዛል። እጅግ ሲቸግረው፣ እድር እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት ማለት ነው፣ ከእድር ይወጣል። የእህል ዋጋ ሲጨምር መጀመሪያ የሚቀረው ማኅበር መጠጣት ነው፤ ጠላውም ዳቦውም ገንዘብ ይፈልጋል። ባዶ እጁን ለቅሶ መሄድ የከበደው ሰው ጭራሽ ይቀራል፤ ጎረቤቱም «ኮራ» ይለዋል። የተቸገረ ሰው ብቸኝነት እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ በር ዘግቶ፣ ሰው እንዳያየው። ስለ ብቸኝነት ስናወራ ግን ሁሌ የሚታየን በረዶ የወደቀበት አገር ያለ አንድ ሽማግሌ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲነሣ ነዋሪው ወደተለያየ የከተማዋ ዳር ተበተነ። አሮጌ ጭቃ ቤት ተለውጦ ሽንት ቤትና ውኃ ያለው ቤት ማግኘት የሚያስከፋ ነገር የለውም፤ እኔ ለዚያ ጠባብ ግቢ አላለቅስለትም። ነገር ግን ሠላሳና አርባ ዓመት የተዋጣለት እድር ተበተነ፣ የእቁብ ዳኛዋ አንድ ጫፍ፣ አባላቷ ሌላ ጫፍ ደረሱ፣ ልጅ ትይዝላት የነበረች ጎረቤት ሁለት ታክሲ ራቀች። «ሕዝባችን ማኅበራዊ ነው፣ የትም ቢሄድ ይላመዳል» የሚለው እምነት እዚህ ላይ ነው ዋጋ ያስከፈለን። አብሮነት በደማችን ያለ ከሆነ ማንም ሊጠነቀቅለት አይገባማ፤ በሥራ የተገነባ መሆኑን ያመነ ሰው ግን መንገድና የውኃ መስመር ሲነድፍ እድሩንም አብሮ ይነድፍ ነበር።

ሌላው የኩራታችን ምልክት ቡናው ነው። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጎረቤት ተጠርቷል፤ ወሬው ሞቆ «ፈረንጅ እኮ እንዲህ ተሰብስቦ አይጠጣም» የሚል ሰው አይጠፋም። ከሰሉን ያያያዘችው፣ ቡናውን አጥባ የቆላችው፣ ሽታውን እየዞረች ለእያንዳንዱ ያቀረበችው ግን ከገጠር የመጣች የ15 ዓመት ልጅ ናት። አቦሉን ቀድታ ሕፃኑን ልታጥብ ትነሣለች። ቶናውን ቀድታ ሱቅ ትላካለች። በረካው ሲደርስ ወጥ ቤት ሆና የእራቱን ሽንኩርት ትልጣለች። የእናቷን ድምፅ የምትሰማው አሠሪዋ ስልኳን ስታውሳት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ በጣም ብቸኛዋ ሰው ማን እንደሆነች ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። እኛ አብሮ መኖር የምንለው ነገር እሷን ያልቆጠረ ከሆነ ስለ ደስታችን ያለን ስሌት ከመነሻው ጎዶሎ ነው።

ይህን ስል «አንተ የፈረንጅ መለኪያ ይዘህ መጣህ» የሚሉኝ አሉ። እንግዲያው ስለ መለኪያውም እንነጋገር፤ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራበታልና።

እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ጋዜጦች ናይጄሪያውያን በምድር ላይ ካሉ ሕዝቦች ሁሉ ደስተኞቹ ናቸው ብለው አወጡ። ምንጩ የዓለም የእሴቶች ጥናት የተባለው መጠይቅ ነበር፤ ከ65 በላይ አገሮችን ያካተተ። «ድሃ ግን ደስተኛ» ለሚሉት ያ ዜና እንደ ብሥራት ሆነላቸው፤ እስከ ዛሬም ይጠቅሱታል። ከ2012 ጀምሮ በየጊዜው የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት ደግሞ ፍጹም ሌላ ሥዕል አመጣ። ከ2018 አንሥቶ ፊንላንድ አንደኛ ናት፤ ከሰሐራ በታች ያሉት አብዛኞቹ አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ከታችኛው ወገን ተሰለፉ። አንዱ ጥናት አሞገሰን፣ ሌላው ሰደበን ተባለ፤ ያሞገሰንን ይዘን የሰደበንን ጣልን።

ሁለቱ ጥናቶች ግን አንድ ነገር አልጠየቁም። የመጀመሪያው «ባጠቃላይ ሲታይ ደስተኛ ነህ?» ይላል። ሁለተኛው ከዜሮ እስከ አሥር እርከን ያለው መሰላል አስብ ይልሃል፤ ጫፉ ላንተ ሊሆን የሚችለው የመጨረሻው መልካም ሕይወት ነው፣ ግርጌው የመጨረሻው መጥፎ፤ አሁን የት ቆመሃል? መሰላሉን ያዘጋጀው ሀድሊ ካንትሪል የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ካካተታቸው አገሮች አንዷ ራሷ ናይጄሪያ ነበረች። ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፦ መሰላሉ የማንንም አገር ኑሮ መለኪያ አያደርግም። ጫፉን የሚወስነው ተጠያቂው ነው። አንዲት የደሴ እናት ጫፉ ላይ መኪና ሳይሆን የልጆቿን መመረቅ፣ የባሏን ጤና፣ በሰላም ማደርን ብታስቀምጥ ማንም አይከለክላትም። በራሷ መለኪያ ራሷን ለክታ «አራተኛው ላይ ነኝ» ካለች፣ «የለም፣ አንቺ ደስተኛ ነሽ» ልንላት ምን መብት አለን?

የመሰላሉ ጠያቂዎች «ትላንት ስቀሃል?» ብለው ሲጠይቁ በአፍሪካና በሌላው ዓለም መካከል ያለው ልዩነት በብዙ ይጠባል። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ለቅሶ ቤት ውስጥም ይሳቃል። ሰው እየሳቀ ኑሮዬ እየጎደለ ነው ማለት ይችላል፤ እየተቸገረም ልጁን ስሞ ይደሰታል። የሳቁን መልስ ወስዶ የኑሮውን መልስ መደምሰስ ግን ምስክርን አፉን ይዞ እንደ ማስመስከር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017ቱ የደስታ ሪፖርት ስለ አፍሪካ የተጻፈው ምዕራፍ ርእሱ ራሱ ደስታን ስለ መጠበቅ ነው፤ ከተገኙት ነገሮች ትልቁ አፍሪካውያን ነገ ከዛሬ ይሻላል ብለው ያላቸው ጽኑ ተስፋ ነበር። ተስፋ ያደረገ ሰው ዛሬ በቃኝ አላለም። የናይጄሪያም መልስ የተሰበሰበው የወታደር አገዛዝ በ1999 አብቅቶ የተመረጠ መንግሥት በገባ ማግሥት ነበር። ያን ጊዜ የተናገረው ድህነታቸው ሳይሆን የነፃነት ጉጉታቸው ይመስለኛል።

አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ለብዙ ዓመታት የሞገተበት ነጥብ እዚህ ጋ በጣም ይጠቅመኛል። ዕድሜውን ሙሉ የተበደለ ሰው ምኞቱን ከበደሉ ልክ ይሰፋዋል፤ ለመኖር ሲል በትንሿ ምሕረት መደሰትን ይማራል። ስለዚህ ደስታውን ብቻ የለካ ሰው በደሉን አላየም። አያቶቻችን «ተመስገን» ሲሉ የኖሩበትን ጽናት አከብራለሁ፤ ምስጋናቸው ለፈጣሪያቸው የቀረበ ነው። ወረዳው ውኃ ስላላስገባላቸው ያመሰገኑ አድርጎ መተርጎም ግን ከአፋቸው ያልወጣ ቃል መጨመር ነው።

አፍሪካዊን በመንፈስ ሀብታም አድርጎ የማሞገስ ልማድ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1945 ፕላሲድ ቴምፕልስ የተባለ ቤልጂየማዊ ሚስዮናዊ ኮንጎ ውስጥ ካገኘው ልምድ ተነሥቶ ስለ ባንቱ ፍልስፍና መጽሐፍ ጻፈ። ለአፍሪካዊ አስተሳሰብ ክብር የሰጠ ተብሎ ብዙ ተመሰገነ። የማርቲኒኩ ገጣሚ ኤሜ ሴዜር ስለ ቅኝ አገዛዝ በጻፈው ሙግት ግን መጽሐፉን አልማረውም። ሰዎቹ በጎማና በማዕድን ሥራ እየተመዘበሩ ሳለ፣ ከሁሉ በላይ የሚሹት መንፈሳዊ ክብር ነው ከተባለ ደመወዝ፣ ቤትና ምግብ የሚጠይቅላቸው ማን ይሆናል? ሴዜር ያየው ነገር ይኸ ነው፤ ሙገሳው ለበዝባዡ ወጪ ይቀንስለታል። ዛሬ በጉብኝት ማስታወቂያና በበጎ አድራጎት ፎቶ ላይ የምናየው ፈገግታ በአብዛኛው ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል።

የራሳችን መሪዎችም ተጠቅመውበታል። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ሐቀኛ ሰው ነበሩ፤ በግል ሕይወታቸው ማንም አይጠረጥራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1967ቱ የአሩሻ መግለጫ የጀመሩት ኡጃማ የተባለው የጋራ ኑሮ ፖሊሲ አፍሪካዊ በተፈጥሮው እንደ አንድ ቤተሰብ ይኖራል ከሚል እምነት የተነሣ ነበር። ገበሬው ግን በፈቃዱ ወደ ኡጃማ መንደር እንደታሰበው አልጎረፈም። ስለዚህ ከ1973 እስከ 1976 ሚሊዮኖች እንዲሰፍሩ ተገደዱ፤ እንዳይመለሱ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ነበሩ። እኛም ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በሰፈራና በመንደር ምሥረታ ያየነው ከዚህ አይርቅም፤ ባለሥልጣናቱ ጎረቤትነት በትእዛዝ የሚሰፈር መሰላቸው። ጋናዊው ፈላስፋ ክዋሜ ጄኬ ማኅበረሰቡ ግለሰቡን ውጦ የሚያስቀር አይደለም ብሎ አፍሪካዊ ባልደረቦቹን የተከራከረው በከንቱ አልነበረም። አፍሪካዊም «እኔ» ይላል፤ የራሱ ጓዳ፣ የራሱ ዕቅድ፣ የራሱ እምቢታ አለው።

ያን እምቢታ የሚያሳይ ጥናት አለ። በምዕራብ ኬንያ ገጠር ፓሜላ ጃኪዬላና ኦውን ኦዚየር ባደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት ሴቶች ጥቂት ገንዘብ ተሰጥቷቸው እንዲያተርፉበት ተጠየቁ። ዘመዶቻቸው በቦታው የተገኙባቸው ሴቶች ያገኙት እንዳይታወቅ ሲሉ ትርፋቸውን ራሳቸው ቀነሱ። ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም። ጠያቂው ብዙ፣ ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደመወዝ የያዘ ወጣት ለዘመድ አዝማድ የሚከፍለውን «ጥቁር ግብር» ይሉታል። እኛ ስም አላወጣንለትም እንጂ በወሩ 30 ስልኩን የሚያጠፋ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። መተጋገዝ መልካም ነው፤ ለአሥር ሰው የሚሆነው ሸክም በአንድ ሰው ደመወዝ ላይ ሲያርፍ ግን ዘመድ ከዘመድ ይሸሻል። ይህንንም ያደረገው ሀብት አይደለም፤ እጥረት ነው።

አሁን ከሁሉ ወደ ጠነከረው ተቃውሞ ልምጣ። «የበለጸጉት አገሮች ሰው አጥተዋል» ይባላል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ብሪታንያ በ2018፣ ጃፓን በ2021 ስለ ብቸኝነት ኃላፊነት ያለው ሚኒስትር እስከ መሾም ደርሰዋል። ከዚህ ግን «እንግዲያው መበልጸግ ያቀዘቅዛል» ወደሚለው መዝለል አይቻልም፤ ማስረጃውም በእጃችን አለ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉ ኢትዮጵያውያን ደመወዝ ባገኙ፣ ቤት በገዙ ጊዜ እድር አልጠላቸውም፤ እዚያው አቋቋሙ። መዋጮው በባንክ ይገባል፣ ደንቡ በሕግ ይመዘገባል፣ አስከሬን አገር ቤት መላክ ቢያስፈልግ ወጪው ይሸፈናል። ለቅሶ ቤቱ ሰው አያጣም። የጎደላቸው ነገር ካለ ጊዜ ነው፤ ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ከማን ጋር ቡና ይጠጣል? የሁለት ፈረቃ ሥራ ደግሞ የሀብት ምልክት አይደለም።

ማኅበራዊ ሀብታችንን በቁም ነገር የያዘ ሰው ምን እንደሚያደርግ ዚምባብዌ አሳይታናለች። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በተባለው ሰፈር ሥራ ሲጀምር ባለሙያ አልነበረውም፣ ክፍልም አልነበረውም። የነበሩት 14 አያቶች ነበሩ። ጤና ጣቢያው ግቢ ዛፍ ሥር የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ፤ ያዘነ፣ የጨነቀው፣ በሐሳብ እንቅልፍ ያጣ ሰው መጥቶ ከአያቷ አጠገብ ይቀመጣል። እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢነገር «አያችሁ፣ አፍሪካ አያት እያላት ሐኪም ምን ያደርግላታል» የሚል ሰው ይነሣ ነበር። ሥራው ግን ከዚያ ይጀምራል። አያቶቹ ሠለጠኑ። በሾና ቋንቋ የተዘጋጁ 14 ጥያቄዎች አሏቸው፤ መልሱ ከአንድ ደረጃ ካለፈ ሰውየው ወደ ባለሙያ ይላካል። ውይይቱ መዋቅር አለው፦ ችግሮችህን ዘርዝር፣ አንዱን ምረጥ፣ በዚህ ሳምንት ምን ታደርጋለህ? ከዚያም በሳይንስ ተፈተሸ፤ በ2016 መጨረሻ የታተመው ውጤት ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት በግልጽ መቀነሱን አሳየ። እዚያ የአያት ፍቅር ሥልጠና፣ መዝገብና ክትትል ተጨመረለት። ደግሞም ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ይዘው የሚመጡት ችግር ምን መሰላችሁ? የቤት ኪራይ፣ ሥራ ማጣት፣ የታመመ ልጅ፣ የሚደበድብ ባል። ከዚህ ውስጥ በድህነት የሚቀል አንድም የለም።

እኛስ? አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ለአገር ሁሉ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ቤተሰብ የታመመ ልጁን ከቦታ ቦታ ሲያንከራትት፣ ጸበል አድርሶ ሲመልስ፣ ሌሊት ሲጠብቅ ይኖራል፤ እኛም ቤተሰብ ስላለን እንኮራለን። ልጇን አሥር ዓመት ስትጠብቅ የኖረች እናት የሚያስፈልጋት መድኃኒት የማያልቅበት ጤና ጣቢያና አንድ ሌሊት የሚያሳርፋት ሰው ነው። «ሕዝባችን ደስተኛ ነው» የሚል አገር ግን ስለ ኀዘን ሐኪም በጀት አይመድብም።

የመጨረሻው ምስክሬ በዓረብ አገር ያሉት እህቶቻችን ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ መለሰች። አውሮፕላን ማረፊያው በለቅሶ ተሞላ። ደስታው እዚህ ከሆነ፣ ትርጉሙ እዚህ ከሆነ፣ ነገሩ እዚያ ማብቃት ነበረበት። ከተመለሱት ብዙዎቹ ግን እንደገና ሄዱ፤ ጅቡቲ ኦቦክ ላይ ጀልባ ጠብቀው፣ የመንን በእግር አቋርጠው የሄዱ አሉ። አብሮነትን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለዒድ ልባቸው እንደሚሰቀል ከድምፃቸው ይታወቃል። የሄዱት አብሮነቱን ለማቆየት ነው። ወሎ ውስጥ ባለ አንድ መንደር የቆርቆሮ ቤት ተሠርቶ፣ ለሠርጉ በሬ ተጥሎ፣ ለአባት ተስካር ደግሰው ሰፈሩን ሲያበሉ ገንዘቡ የመጣው ሪያድ ወይም ቤይሩት ውስጥ ከሰው ወጥ ቤት ነው። ድግሱ ገንዘቡን ለላከችው ልጅ በቪዲዮ ይላክላታል። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ «ድሃ ብንሆንም እንዲህ ተሰብስበን» ይላል፤ የሰበሰበችው ልጅ ግን በዚያ ሰዓት የሰው ልጅ አቅፋ ቆማለች።

እንግዲህ አብሮነትን እንወዳለን የምንል ከሆነ የሚጠበቅብን ነገር የተወሳሰበ አይደለም። ሰፈር ሲነሣ እድሩ እንደ እድር ይነሣ፤ አባላቱ በአንድ አካባቢ ቤት ይሰጣቸው፣ ለድንኳኑና ለድስቱ የሚሆን ዕቃ ቤት በአዲሱ ሰፈር ፕላን ላይ ይግባ። በእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ላይ ደግሞ ወዘፍ ያለበት ሰው ከመሰረዙ በፊት ሥራ አጥቶ እንደሆነ የሚጠይቅ አንቀጽ ይጨመር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከጥበቃው ያስወጣት፣ እኛ ቤት ቡና የምታፈላው ልጅ የደመወዝ ወለል፣ የሥራ ሰዓትና በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን በሕግ ይወሰንላት፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የአገሯን ልጆች ፈልጋ ሄዳ፣ ሌላ ሰው ያፈላውን ቡና እስከ በረካው ተቀምጣ ትጠጣ ዘንድ።